ለካንሰር የሚያጋልጡ የበራሂ ልዩነቶችን በአማርኛ ስለ መሰየም

የሕክምና ስያሜ ከሌሎች የሙያ ስያሜዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የምሕንድስና ወይም የሒሳብ ስያሜ ቢሳሳት ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ በባለሙያዎች መካከል ተወስኖ ይቀራል። የሕክምና ስያሜ ግን ከሐኪሙ ጠረጴዛ ተነሥቶ፣ በአስተርጓሚው አንደበት አልፎ፣ በታካሚው ቤትና በዘመዶቹ ጉባኤ ስለሚያድር፣ የተሳሳተው ቃል የተሳሳተ ውሳኔ ይወልዳል። ይህ አደጋ ጐልቶ ከሚታይባቸው አዳዲስ መስኮች አንዱ፣ ለካንሰር የሚያጋልጡ የበራሂ ልዩነቶችን ለመለየት በጤነኞች ላይ የሚደረገው ምርመራ ነው። ምርመራው ጤነኛ ሆና ለመጣች ሴት የሚነግራት ስለ ወደፊቱ ነው። ቃሉ ዛሬና ነገን ካደባለቀ ግን ያልታመመችው ታማሚ፣ ስጋት ያላት ደግሞ ስጋት የሌላት ሆና ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

የዚህ ሒስ ዋና አሳብ አጭር ነው። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ቃል አላጣም። ችግሩ በበራሪ ጽሑፎች፣ በብዙኀን መገናኛና በአስተርጓሚዎች አፍ የሚዘወተሩት ቃላት ከሌሎች በሽታዎች ቤት የመጡ፣ የቀድሞ ፍቺያቸውንም እንደ ያዙ የገቡ መሆናቸው ነው። «ፖዘቲቭ»ና «ነጻ» ከኤች.አይ.ቪ.፣ «ቅድመ ካንሰር» ከማሕፀን በር ምርመራ፣ «የሚተላለፍ» ከወረርሽኝ መጥተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስያሜ በአንድ መመዘኛ እንፈትነዋለን። ልዩነቱ መኖሩ፣ የመታመም ስጋት ከፍ ማለቱና መታመም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እነዚህን ሦስቱን የሚያደባልቅ ስያሜ የቱንም ያህል ለጆሮ ቢጥም ለዚህ ሥራ አይበቃም።

1. የጉዳዩ ምንነት

እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ-ክሌር ኪንግና ባልደረቦቿ፣ በለጋ ዕድሜ የሚጀምር የጡት ካንሰር በሚደጋገምባቸው ቤተሰቦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ መንሥኤው በ17ኛው ሐብለ በራሂ ላይ የሚገኝ በራሂ መሆኑን አመለከቱ። በራሂው ራሱ በ1994 ተለይቶ ታወቀ። በ13ኛው ሐብለ በራሂ ላይ የሚገኘው ሁለተኛው ደግሞ በ1995 ተከተለ። ስማቸው ሲጻፍ «ቢ.አር.ሲ.ኤ.» ሲሆን፣ ሐኪሞች «ብራካ 1» እና «ብራካ 2» ይሏቸዋል።

ሁለቱም በራሂዎች በማንኛውም ሰው ሕዋስ ውስጥ፣ በወንድም በሴትም፣ አሉ። ሥራቸው የተበጠሰ የዲ.ኤን.ኤ. ክር መጠገን ነው። ሰው ከእያንዳንዱ በራሂ ሁለት ቅጂ፣ አንዱን ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ይወርሳል። አንደኛው ቅጂ ከልደት ጀምሮ የማይሠራ ቢሆን እንኳ ሁለተኛው ሥራውን ስለሚያከናውን ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ይሁን እንጂ በዕድሜ ብዛት በአንድ ሕዋስ ውስጥ ቀሪው ደኅነኛ ቅጂ ሲጠፋ ጥገናው ይቋረጣል፤ ካንሰርም ሊጀምር ይችላል። የዚህን አካሄድ መሠረታዊ አሳብ አልፍሬድ ክኑድሰን፣ ሬቲኖብላስቶማ ስለተባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት አቅርቦታል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው፣ በብራካ 1 ላይ ጎጂ ልዩነት ከወረሱ 100 ሴቶች መካከል 72 ያህሉ፣ በብራካ 2 ላይ ከወረሱት ደግሞ 69 ያህሉ እስከ 80 ዓመታቸው ድረስ በጡት ካንሰር ይያዛሉ። የእንቍላል ዕጢ ካንሰር ቍጥሩ እንደ ቅደም ተከተሉ 44 እና 17 ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ ከጠቅላላው የሴቶች ቍጥር በዕድሜ ዘመናቸው የጡት ካንሰር የሚያገኛቸው ከ8 አንድ ገደማ ናቸው። ልዩነቱን የወረሱ ወንዶችም ቢሆኑ ለፕሮስቴት፣ ለጣፊያና ለጡት ካንሰር ያላቸው ስጋት ከሌሎች ወንዶች ከፍ ይላል። እንግዲህ ስያሜዎቹ የሚሸከሙት ጭነት ይህ ነው። ስጋቱ ከባድ ቢሆንም 72 ማለት 100 ማለት አይደለም።

2. «ጂን»፣ «ዘረመል»፣ «በራሂ»

ለመሠረታዊው ፅንሰ ሐሳብ ሦስት ቃላት ይፎካከራሉ። የመጀመሪያው የውሰት ቃሉ «ጂን» ነው። የውሰት ቃል በራሱ ነውር የለበትም። «ካንሰር» የተባለው ውሰት ለምሳሌ «ነቀርሳ»ን ያሸነፈው በበቂ ምክንያት ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» በሕዝብ አነጋገር የታወቀው በባክቴሪያ ለሚመጣው የሳንባ በሽታ ስለሆነ፣ የሳንባ ካንሰርን በዚሁ ስም መጥራት ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ በሽታዎችን አንድ ማድረግ ነበር። ስለዚህ ውሰቱ ግልጽነትን አመጣ። «ጂን» ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። አማርኛ ተናጋሪው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሌላ «ጂን» አለ፤ እርሱም በሰው ላይ ያድራል የሚባለው መንፈስ ነው። «ጂን አለባት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከቤተ ሙከራ የወጣ ይሁን ከጠንቋይ ቤት፣ ከዐውዱ ውጭ መለየት አይቻልም። ይህ እንደ ቀልድ ቢወሰድም፣ በስልክ ለሚያስተረጕም ባለሙያና በፍርሃት ለምታዳምጥ ሴት ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው «ዘረመል» ነው። ቃሉ በብዙኀን መገናኛ ተስፋፍቷል፤ ለጆሮም አይከብድም። ይሁን እንጂ «ዘር»ን በውስጡ ይዟል። «ዘር» በአማርኛ የሚዘራ እህል ነው፤ ትውልድ ነው፤ ጐሣ ነው፤ ነገድም ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እንደሚያስረዳው፣ ቋንቋው በዘር የመጣ ነገር ሁሉ የማይቀር ነው ብሎ አስቀድሞ ፈርዷል። ከዚህም በላይ «የዘር በሽታ» የሚለው ሐረግ ለጋብቻ ሲጠያየቁ ቤተሰብን ለማራቅ ሲያገለግል የኖረ ነው። ስለዚህ «የዘረመል ችግር አለባት» የሚለው ቃል የሚወድቀው በልጅቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ባላገቡ እኅቶቿ ላይ ጭምር ነው።

የ«ዘር» ድርብ ፍቺ ምን ያህል እንደሚያደናግር በእስራኤል ያለው ሁኔታ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በአሽከናዚ አይሁድ ዘንድ ከ40 ሰዎች አንዱ ገደማ ከሦስት የታወቁ የብራካ ልዩነቶች አንዱን ስለሚወርስ፣ የእስራኤል መንግሥት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምርመራው የአሽከናዚ ትውልድ ላላቸው ሴቶች በሕዝብ ጤና ዋስትና እንዲሸፈን አድርጓል። በዚያች አገር ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ስላሉ መረጃው በአማርኛ መነገሩ አይቀርም። አንድ ተርጓሚ «ይህ የዘር ምርመራ ለአሽከናዚ ዘር ነው» ቢል፣ የመጀመሪያው «ዘር» የሕዋሱን ጽሕፈት፣ ሁለተኛው የሰዎቹን ትውልድ ሊያመለክት ፈልጎ ነው። የሰሚው ጆሮ ግን አንድ ቃል ብቻ ይሰማል፤ ኢትዮጵያዊት እናትም «በእኛ ዘር ይህ የለም» ብላ ትደመድማለች። እውነታው ሌላ ነው። መርኃ ግብሩ በትውልድ የተወሰነው ተደጋጋሚዎቹ ሦስት ልዩነቶች በዚያ ማኅበረሰብ ዘንድ ታውቀው ስለተቈጠሩ ነው። ሌሎች ሕዝቦች ከብራካ ጎጂ ልዩነት የተጠበቁ ስለሆኑ አይደለም።

ሦስተኛው የትምህርት መጻሕፍት ቃል የሆነው «በራሂ» ነው። ተቺዎቹ «ሕዝብ አያውቀውም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጥቅሙም በዚሁ ላይ ነው። ዴንማርካዊው ዊልሄልም ዮሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 የመጀመሪያውን ቃል ሲያወጣ ከማናቸውም ቀዳሚ መላ ምት ነጻ የሆነ አጭር ቃል ለማግኘት ፈልጎ ነበር። «በራሂ» ለአማርኛ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ከጋብቻ ምርመራም፣ ከጐሣም፣ ከመንፈስም ጋር የቈየ ዝምድና የለውም። ባዶ ዕቃ ነውና ሐኪሙ የሚፈልገውን ፍቺ ሊያኖርበት ይችላል። «ሐብለ በራሂ» ከእርሱ መውጣቱም የስያሜ ቤተሰብ ለመመሥረት ብቁ መሆኑን ያሳያል።

3. «የካንሰር ጂን አለባት»

ከሁሉም በላይ የሚሰማው ይህ አነጋገር ሁለት ስሕተት ይዟል። አንደኛው የስም ነው። ብራካ ስሙን ያገኘው ከጡት ካንሰር ነው፤ ተፈጥሯዊ ሥራው ግን ካንሰርን መከላከል ነው። በስሙ ብቻ «የካንሰር በራሂ» ብሎ መተርጐም ዘበኛውን በሌባው ስም እንደ መጥራት ይቈጠራል። ከዚህም የተነሣ «በራሂው አለባት» ሲባል የሌላቸው ሰዎች ያሉ ይመስላል። በራሂው የሌለው ሰው የለም፤ የሚለየው ጽሕፈቱ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የሰዋስው ስለሆነ ለቋንቋ ባለሙያ ይበልጥ ያስገርማል። አማርኛ «አላት» እና «አለባት»ን በጥብቅ ይለያል። ልጅ «አላት»፤ ዕዳ «አለባት»። በግሡ ላይ የሚገባው የ«ብ» ምዕላድ ድርጊቱ ወይም ሁኔታው በባለቤቱ ላይ ጉዳት ሆኖ መውደቁን ያመለክታል። «ሞተባት»፣ «ጠፋባት»፣ «ዘነበባት» የሚሉትን ማስተዋል ይበቃል። ስለዚህ ተርጓሚው እንከን የሌለበት ስም ቢመርጥ እንኳ «አለባት» ሲል በሽታ መኖሩን በሰዋስው ተናግሯል። «አላት» ቢል ደግሞ እንደ ሀብት ይሰማል። በስም መረጣ ብቻ ከዚህ ማምለጥ አይቻልም፤ ግሡን መለወጥ ያስፈልጋል።

መፍትሔው «ወረሰ» ነው። «ከአባቷ ጎጂ ልዩነት ወርሳለች» ስንል ባለቤቷ ሴቲቱ ናት፤ ተሳቢው ልዩነቱ ነው፤ የጉዳት ምዕላድ የለም። የነገሩም ሥርዐት በትክክል ይገለጻል፤ ውርስ ከእናትም ከአባትም፣ ለሴትም ለወንድም ይደርሳልና። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። የጡት ካንሰር የሴት በሽታ ነው ከሚል ግምት ብቻ የአባት ወገን ታሪክ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ የወንድ ልጅ ድርሻም ይረሳል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። የግሡ አቅጣጫ መገልበጥ የለበትም። «ዳዋ ወረሰው» እንደሚባለው «በሽታው ወረሳት» ቢባል ወራሹና የሚወረሰው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ስሜቱም ወደ ጥፋት ይመለሳል።

በዚሁ ምክንያት «ተሸካሚ» የተባለው ስም ይቅር እንላለን። ጭነትን ብቻ ሳይሆን፣ ከ«ቫይረሱ ተሸካሚ» የመጣ የማስተላለፍ ጥርጣሬም ተጣብቆበታል። «ልዩነቱን የወረሰች» የሚለው ሐረግ አንድ ቃል ቢጨምርም ሰውን በአንድ ስም አያትምም።

4. «ሚውቴሽን»፣ «ጉድለት»፣ «ልውጥ»፣ «ዝርያ»

የዓለም አቀፉ ስያሜ ራሱ በዚህ ነጥብ ላይ ተለውጧል። የአሜሪካ የሕክምና በራሂ ጥናት ባለሙያዎች ኮሌጅ ከአጋሩ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ «ሚውቴሽን» የሚለው ቃል ሰሚውን አስቀድሞ ወደ ጎጂነት ስለሚመራ በገለልተኛ ቃል እንዲተካና ጎጂነቱ በቅጽል እንዲገለጽ አሳስቧል። በዚህ መሠረት የምርመራ ውጤቶች በአምስት ደረጃ ይመደባሉ። የአማርኛ ተርጓሚዎች ግን እስካሁን አምስቱን በአንድ «ጉድለት» ወይም «ብልሽት» ሲጠቀልሉ ይሰማል።

አማራጮቹን እንመልከት። «ልውጥ» ቃሉ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን በደኅንነተ ሕይወት ሕግ «ልውጠ ሕያው» የሚለው ስያሜ ሰው ሆን ብሎ በራሂውን ለለወጠው ፍጡር ተሰጥቷል። በተፈጥሮ የተገኘውንና በሰው እጅ የተሠራውን በአንድ ቃል መጥራት አይገባም። «ዝርያ» በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ለቫይረሱ ዓይነቶች ቢያገለግልም፣ ከ«ዘር» ሥር ስለ ወጣ ከላይ ወደ ተነቀፈው ችግር ይመልሰናል።

«ግድፈት»ስ? ይህ ቃል ለጸሐፍያን የታወቀ ነው፤ «የፊደል ግድፈት» የማይል የለም። በእስራኤል ከሚፈለጉት ሦስት ልዩነቶች አንዱ በብራካ 1 ላይ ሁለት ፊደላት የወደቁበት ስለሆነ ምሳሌው ከነገሩ ጋር በቀጥታ ይገጥማል። ይሁን እንጂ «ግድፈት» የጥፋትና የኃጢአት ፍቺም ስላለው፣ ለማስረዳት እንጂ ለስያሜ አይመረጥም። ከወላጅ የተወረሰ ነገር የማንም ጥፋት አይደለም።

እኛ የምናቀርበው «ልዩነት» የሚለውን ተራ ቃል ነው። የጽሑፍ ባህላችን ትምህርቱን አስቀድሞ ሰጥቶናል። «ፀሐይ» በሌላ ሆሄ «ጸሀይ» ተብሎ ቢጻፍ የጽሕፈት ልዩነት አለ፤ የፍቺ ለውጥ ግን የለም። «ሠረቀ» የሚለው የግእዝ ግሥ «ሰረቀ» ተብሎ ቢጻፍ ግን የፀሐይ መውጣት ስርቆት ይሆናል። አንድ ሆሄ ብቻ ተለውጦ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። የበራሂ ልዩነትም እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ ምንም አይለውጥም፤ አንዳንዱ ሥራውን ያጠፋል። ስለ አንዳንዱ ደግሞ አንባቢው ቆሞ «ይህ የጸሐፊው ልማድ ነው ወይስ ስሕተት?» ብሎ እንዲያመነታ የሚያደርግ ነው።

በዚህ መሠረት አምስቱ ደረጃዎች «ጎጂ»፣ «ጎጂ ሳይሆን የማይቀር»፣ «ፍቺው ገና ያልተለየ»፣ «ጎጂ የማይመስል» እና «ጎጂ ያልሆነ ልዩነት» ተብለው ሊሰየሙ ይችላሉ። ከእነዚህ ሦስተኛው ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጕም አለው። የማነጻጸሪያ መረጃ ማኅደሮቹ በአብዛኛው የተሰበሰቡት ከአውሮፓ ትውልድ ካላቸው ሰዎች ስለሆነ፣ የአፍሪካ ትውልድ ባላቸው ተመርማሪዎች ላይ «ፍቺው ያልተለየ» የሚል ውጤት በብዛት ይገኛል። የሕክምና መመሪያዎች በእንዲህ ዓይነቱ ውጤት ብቻ ተመሥርቶ አካልን በቀዶ ጥገና ማስወገድ እንደማይገባ ያስጠነቅቃሉ፤ ከጊዜ በኋላ እንደ ገና ከተመደቡት አብዛኞቹ ጎጂ ያልሆኑ ሆነው ተገኝተዋልና። ተርጓሚው ይህን ውጤት «ጉድለት ተገኝቶብሻል» ብሎ ቢያስተላልፈው ስሕተቱ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሊያደርስ ይችላል።

5. «ምርመራ»፣ «ቅድመ ካንሰር»፣ «ልየታ»

«ምርመራ» በአማርኛ ሰፊ ቃል ነው። ሐኪም ይመረምራል፤ ፖሊስ ይመረምራል፤ ተመራማሪም ይመረምራል። በሕክምና ውስጥም ቢሆን የታመመውን ሰው በሽታ ማወቅንና ጤነኞችን በጅምላ መለየትን ሁለቱንም ይጠራል። ዊልሰንና ዩንግነር ለዓለም የጤና ድርጅት አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው ሰነድ ሁለተኛውን እንደ ራሱን የቻለ ተግባር ይዞ፣ መቼ እንደሚገባ የሚወስኑ መርሖችን ዘርዝሯል። ለዚህ ተግባር በጤና ባለሙያዎች ዘንድ እየተለመደ የመጣው «ልየታ» ተገቢ ቃል ነው። «ለየ» መለየት እንጂ መፍረድ አይደለምና።

ይሁን እንጂ «ልየታ» በኢትዮጵያ በብዛት የሚሰማው ከማሕፀን በር ጋር ተያይዞ ነው፤ «የቅድመ ካንሰር ልየታ» ይባላል። በዚያ ቦታ ሐረጉ ትክክል ነው። በማሕፀን በር ላይ ካንሰር ከመሆኑ በፊት በዓይን ሊታይና በቦታው ሊወገድ የሚችል የአካል ለውጥ አለና። ይህንኑ ሐረግ ወደ ብራካ መውሰድ ግን ከባድ ስሕተት ነው። ጎጂ ልዩነት የወረሰች ሴት በአካሏ ላይ የሚወገድ ቅድመ ካንሰር የላትም፤ ጡቷም ዕጢዋም ደኅና ሊሆኑ ይችላሉ። «ቅድመ ካንሰር ተገኘ» የተባለች ሴት ሐኪሙ ያንን ነገር አውጥቶ እንዲገላግላት ትጠብቃለች። የሚቀርብላት ምርጫ ግን ሌላ ነው፤ ተደጋጋሚ የጡት ምስል ክትትል፣ መድኃኒት ወይም ጤነኛ አካልን በቀዶ ጥገና ማስወገድ። ስለዚህ «የበራሂ ልየታ» ብለን፣ «ቅድመ ካንሰር»ን ለማሕፀን በርና ለመሰሎቹ እንተወው።

6. «ፖዘቲቭ»፣ «ነጻ»፣ «ዕድል»

በኤች.አይ.ቪ. ዘመን «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ሌላ ማብራሪያ ሳያሻው አንድ ነገር ብቻ ማለት ሆነ። ዛሬም በአዳራሽ ውስጥ ድምፅን ዝቅ አድርጎ «ፖዘቲቭ ናት» የሚል ሰው የምን ምርመራ እንደሆነ አይጠየቅም። ቃሉ ለብራካ ውጤት ሲያገለግል የቈየውን መገለል ሁሉ ይዞ ይመጣል።

ተቃራኒው «ነጻ» ግን ከዚህም የባሰ አደገኛ ነው፤ ደስ የሚያሰኝ ስሕተት ስለሆነ ማንም አይመረምረውም። በኤች.አይ.ቪ. ምርመራ «ነጻ» ማለት ቫይረሱ በደም ውስጥ አለመገኘቱ ነበር። በብራካ ልየታ «አልተገኘም» ማለት ግን በተፈለገው ስፍራ፣ የተፈለገው ልዩነት አልታየም ማለት ብቻ ነው። አብዛኛው የጡት ካንሰር ከተወረሰ ልዩነት አይመጣም፤ በውርስ የሚከሠተው ከ100 ከ5 እስከ 10 ያህል ነው። እንግዲህ «ነጻ» የተባለች ሴት እንደ ማንኛዋም ሴት ስጋቷ አብሯት ይቀራል። ነገሩን ይበልጥ የሚያጎላ ምሳሌ አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀጥታ ለሕዝብ እንዲቀርብ የፈቀደው የመጀመሪያው የብራካ መመርመሪያ የሚፈልገው በአሽከናዚ አይሁድ ዘንድ የሚዘወተሩትን ሦስት ልዩነቶች ብቻ ነበር፤ የታወቁት የብራካ ልዩነቶች ግን ከሺሕ በላይ ናቸው። በዋሽንግተን የምትኖር ኢትዮጵያዊት የዚህን ዓይነት ውጤት ተቀብላ ልጇ «ነጻ ነሽ» ብሎ ቢተረጕምላት፣ ወረቀቱ ያላለውን ተናገረ። ስለዚህ «ተገኘ» እና «አልተገኘም» የሚሉት ደረቅ ግሦች ከሁለቱ ቃላት የተሻሉ ናቸው። ምን እንደተፈለገ አብሮ ሊነገር ግድ ያደርጋሉና።

ስጋትን በቍጥር መግለጽም የራሱ ወጥመድ አለው። «72 በመቶ ዕድል አላት» ሲባል «ዕድል» በአንድ በኩል መልካም አጋጣሚ፣ በሌላ በኩል የተጻፈ ዕጣ ነው። ሁለቱም እዚህ አይገቡም። «ተጋላጭነት» የተሻለ ቢሆንም፣ መጋለጥ ከውጭ ለሚመጣ ነገር፣ ለፀሐይ፣ ለብርድ ወይም ለቫይረስ ስለሆነ፣ ከውስጥ ላለ ነገር ሲነገር ጥቂት ይጐረብጣል። «ስጋት»ን መርጠን፣ ቍጥሩን በሰው መቍጠር ይሻላል፦ «እንደ አንቺ ያሉ 100 ሴቶች ቢሰበሰቡ፣ እስከ 80 ዓመታቸው 72 ያህሉ ይታመማሉ፤ 28 ያህሉ አይታመሙም።» ሁለተኛው ቍጥር ካልተነገረ የመጀመሪያው ፍርድ ይመስላል።

7. «የሚተላለፍ» እና «ምክር»

«በዘር የሚተላለፍ ካንሰር» የሚለው ሐረግ በሁለቱም ቃላቱ ይሰናከላል። ስለ «ዘር» ተነግሯል። «የሚተላለፍ» ደግሞ «ተላላፊ በሽታ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ስለሆነ፣ ልብሷን ለይታ የምታጥብ ዘመድ ሊያስከትል ይችላል። ከዚህም ሌላ የሚወረሰው ካንሰሩ ሳይሆን ስጋቱ ነው። «የተወረሰ የካንሰር ስጋት» የሚለው ሐረግ ሁለቱንም ያርማል።

ከልየታው በፊትና በኋላ የሚደረገው ውይይት «የዘረመል ምክር» መባሉም ይታረም። በእኛ ባህል «ምክር» አዋቂ ለማያውቀው፣ ታላቅ ለታናሹ የሚሰጠው የ«እንዲህ አድርጊ» ቃል ነው። ይህ ሙያ ግን ውሳኔውን ለባለጉዳይዋ ይተዋል፤ ባለሙያው መረጃውን ይሰጣል፤ ይጠይቃል፤ ያዳምጣል። የተደራራጊነት ቅርጽ ያለው «ምክክር» ይህን በራሱ አወቃቀር ይናገራል። ሁለት ሰዎች ይመካከራሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይመክርም። ቋንቋው በአንድ ሆሄ ድግግሞሽ የሚሰጠንን እንዲህ ያለ ልዩነት መተው ብክነት ነው።

8. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «ሁሉም በእንግሊዝኛው ይጠራ፤ ሐኪሙም የሚያውቀው ይህንኑ ነው» ይላሉ። ሐኪሙ ቢያውቀውም ውሳኔው የሐኪሙ አይደለም። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጐሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ መሆኑ የሚያሳየው፣ አማርኛ በሚነገርባቸው የውጭ ከተሞች ትርጕም የጸጋ ሳይሆን የመብት ጉዳይ መሆኑን ነው። በውሰት ቃላት የታጨቀ ትርጕም ሕጉን በመልክ ይፈጽማል፤ በፍሬው ግን አይፈጽምም።

ሌሎች ደግሞ «ስያሜ ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም፤ የሚያስረዳው ባለሙያው ነው» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ በከፊልም እንቀበለዋለን። ማንኛውም ቃል ማብራሪያን አይተካም። ይሁን እንጂ ማብራሪያው በክፍሉ ውስጥ ይቀራል፤ ቃሉ ግን ወደ ቤት ይሄዳል። ሴቲቱ ለባሏ፣ ለእኅቷና ለልጇ የምትነግረው የግማሽ ሰዓቱን ማብራሪያ ሳይሆን የያዘችውን አንድ ቃል ነው። ያ ቃል «ፖዘቲቭ» ከሆነ ቤቱ ለቅሶ ይገባል፤ «ነጻ» ከሆነ ክትትሉ ይቋረጣል።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጁና ለሚተረጕሙ የምናቀርበው ዝርዝር የሚከተለው ነው፦ ለመሠረታዊው አሃድ «በራሂ»፤ ለጽሕፈቱ መለያየት «ልዩነት» ከአምስቱ ቅጽሎቹ ጋር፤ ለጤነኞች ምርመራ «የበራሂ ልየታ»፤ ለውጤቱ «ተገኘ» እና «አልተገኘም»፤ ለዝምድናው «ወረሰ» እና «የተወረሰ ስጋት»፤ ለውይይቱ «ምክክር»። ከእነዚህ አብዛኞቹ አዲስ ቃላት አይደሉም። ሥራው ቃል መፍጠር ሳይሆን፣ ያሉትን ቃላት ከቀድሞ በሽታዎቻቸው ማላቀቅ ነበር። ዝርዝሩ በሐኪሞችና በአስተርጓሚዎች አፍ ሳይፈተን በመዝገብ መጽደቅ የለበትም። ፈተናውም ቀላል ነው። ቃሉን የሰማች ሴት «ታምሜአለሁ ወይስ አልታመምሁም?» ተብላ ስትጠየቅ በትክክል መመለስ ከቻለች ስያሜው ይጽና፤ ካልቻለች ደግሞ፣ የእኛም ምርጫ ቢሆን፣ ይለወጥ።